የቄስ ዘነበ ልብና የጥምቀቱ ዳገት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በሥራ ዘመንህ ስንት ሰው አዳንክ?» ይለኛል። ያዳንኩትን አልቆጠርኩም። የሚያድን እግዚአብሔር ነው፤ ቀጥሎ መድኃኒቱ ነው፤ እኔ መድኃኒቱን በወረቀት ጠቅልዬ የምሰጥ ሰው ነበርኩ። ልገድለው ጥቂት የቀረኝን ሰው ግን በስሙም በአባቱ ስምም አውቀዋለሁ። ቄስ ዘነበ ይባላሉ። የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። መንገዴን ግን ከሩቅ ልጀምር፤ ሽማግሌ ሲያወራ አቋራጭ አይወድም።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ዘመሮ ላይ ለጤና ጣቢያ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመንዝን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የበግ ጠጉር ባና ደርቦም የማይቻል ብርድ ነው። በግቢው ውስጥ የሚሞቅ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ መርፌ የሚቀቀልበት ክፍል። እዚያ እየተጠጋሁ ሳይ፣ ሳይ፣ መርፌ ቀቃዩ ሲታመም እኔ ቀቀልኩ፤ እሱ በጡረታ ሲሄድ እኔ ተተካሁ። ሙያ ያስተማረኝ ብርድ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ከዚያ ራቤል ተዛወርኩና ቁስል ማጠብ ያዝኩ። እዚያ አንድ አለቃ ነበረኝ፤ በሽተኛውን ሳይነካ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ «ምላስህን አውጣ» ይላል። እግሩ ለተሰበረም ምላሱን ነው የሚያየው። አንድ ቀን አንድ ገበሬ «ጌታዬ፣ የወደቅሁት በምላሴ አይደለም» አለውና ተጣሉ። ደሞዜ ምን ያህል እንደነበር አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ብታምኑኝም ታዝናላችሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን ከቀየት ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነው። ስሟን ልተወው፤ የሰው ስም ማጥፋት ይበቃኛል። እዚያ መድኃኒት አዳይ ሆንኩ። ኪኒን አቆጣጠር ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። በእጅ አይነካም፤ በቆርቆሮ ትሪ ላይ አፍስሶ በቢላ ጀርባ አምስት አምስት እያደረጉ መጎተት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው በወረቀቱ ላይ ሥዕል እሥል ነበር፤ ለጧት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ። አንዲት ባልቴት ግን አሥር ቀን ሙሉ የማታውን ሳይውጡ ቀሩ። «ምነው እማማ?» ብላቸው «ጨረቃዋ መች ወጣች? ደመና ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለማታ የምሥለው በረት የሚገባ በሬ ሆነ። በሬው ደመና ቢሆንም ይገባል።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ሲስተር የሺ ናት። የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ነበረች፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በሙያ እናቴ። የበሽተኛ እጅ ከመያዟ በፊት የራሷን እጅ ብብቷ ውስጥ ታሞቃለች። የልብ ትርታ ስትቆጥር ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ያኔ ወረዳው ቢቃጠል አትሰማም። ከሁሉ የሚበልጠው ልማዷ የበሩ ፈተና ነው። መድኃኒት የተቀበለ ሰው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ትቆምበትና «ምን አልኩህ?» ትለዋለች። በራሱ አፍ ካልመለሰላት አይወጣም። አንድ ፖሊስ ሳይቀር «ከምግብ በኋላ» ማለት አቅቶት ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሷል። እኔንም «ጋሽ ደስታ፣ እኔ ከሌለሁ በሩ ያንተ ነው» ትለኝ ነበር።

አሁን ወደ ቄስ ዘነበ ልግባ። የደብራችን አገልጋይ ናቸው። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ታቦቱን ተሸክመው ከወንዙ ወደ ደብሩ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ዳገቱ ፍየል ያስላል። አንድ ዓመት ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይዟቸው ቁጭ ይሉ ጀመር። «የጭነት በቅሎ መቀነት ያሰሩብኝ ይመስለኛል፤ ሳርፍ ይላላል» አሉ። ሲስተር የሺ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻቸው። የልብ ደም ሥር ጠቦ ልባቸው ደም እያነሳት ነው ተባለና ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዘው መጡ። አንደኛው በየቀኑ የሚዋጥ ፕሮፕራኖሎል ነው፤ ስሙን ለመልመድ ከውዳሴ ማርያም በላይ ፈጅቶብኛል። ሁለተኛው ደረት ሲጠብቅ ከምላስ ሥር የሚደረግ፣ ከጤፍ ጥቂት ከፍ የሚል ኪኒን ነው፤ በጥቁር ብልቃጥ።

ሲስተር «አባ፣ ከብልቃጡ እንዳያወጡት። ይኼ ብርሃን አይወድም» አለቻቸው።

«ብርሃን የማይወድ ነገር እኔ አፌ ውስጥ አላስገባም!» አሉና ተነሡ።

እሱን አስረድታ አስቀመጠቻቸው። ደግሞ የጾሙ ነገር መጣ። ጧት ሳይቀደስ ደረቴ ቢጠብቅስ አሉ። ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ፈረዱ፤ «የተዋጠ ጾም ይፈታል እንጂ የቀለጠ ጾም ይፈታል የሚል አላየሁም።»

ሚስታቸው እትዬ አሰለፈች ከበሩ ሆነው «ቅቤም እኮ ይቀልጣል አባ» አሉ።

ነገሩ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደ። የነፍስ አባትየው «ለነፍስ ያደረ ኪኒን ነው፤ ግን ደረትህ ሳይጠብቅ እንዳትልሰው» ብለው ፈቱት። ማስጠንቀቂያው ልክ ነበር። ምክንያቱም አባ ትንሿን ኪኒን ወደዷትና ትንሽ ድክም ባላቸው ቁጥር ከምላሳቸው ሥር ማድረግ ጀመሩ። ራሳቸውን ይመታቸው ጀመር፤ እየቆየም አልሠራ አለቻቸው። ሲስተር «አባ፣ በየቀኑ የሚመጣ እንግዳ ማን ይነሣለታል? ደም ሥርዎ ለመዳት። አልፎ አልፎ ትምጣ፤ ያኔ ምንጣፍ ይነጠፍላታል» አለቻቸው።

እኔ ደግሞ ገርሞኝ ጠየቅኋት። «ሲስተር፣ ይኼ ኪኒን የተዘጋውን ይጠርገዋል?»

«አይጠርገውም ጋሽ ደስታ። መድኃኒት ጊዜ ነው የሚሰጥ። ዋናው ቦይ በደለል ሲሞላ ውሃው በጎን በጎን ትንንሽ መውረጃ ያበጅ የለ? ልብም ደም ሲያንሳት በጎን ቀጫጭን መንገድ ታበጃለች። ግን ስትለምን ነው የምታበጀው። ሰውየው ተኝቶ ከዋለ አትለምንም፤ ከሮጠ ትሞታለች። ደረቱ እስኪነካካው ይሂድ፣ ይቁም፣ ይረፍ፣ ይሂድ። የሚዋጠው ኪኒን ደግሞ ትርታዋን አርግቦ፣ ባላት ደም እንድትኖር ያደርጋታል።»

ያን ጊዜ ኪኒኑን ስለ መተው አልጠየቅኋትም።

ሐምሌ ሲያልቅ አባ ወደ እኔ መስኮት መጡ። ሲስተር ለስብሰባ ወረዳ ሄዳለች። «ደስታ፣ ለፍልሰታ ጸበሉ ዘንድ ሱባዔ ልገባ ነው። ይኼንን ኪኒን ከጸበሉ ጋር ልዋጠው ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

ምን ልበል? «ይዋጡ» ብል ጸበሉ አይበቃም ያልኩ ይመስላል፤ ያውም ለቄስ! አፈርኩ። «ከጸበል ጋርማ ኪኒን ምን ያደርጋል አባ? ሁለት ሳምንት ነው፤ ይተዉትና ሲመለሱ ይቀጥላሉ» አልኳቸው። «ይፍቱኝ» አልኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝና ወጡ። በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን በቃሬዛ አመጧቸው። ላባቸው እንደ ጸበሉ ይወርዳል፤ ልባቸው ልጓሟን እንደበጠሰች በቅሎ ትጋልባለች። ሲስተር ትንሿን ኪኒን ከምላሳቸው ሥር አደረገች፣ አስፕሪን አድቅቃ አዋጠች፣ የተዉትን መድኃኒት አስጀመረች፤ መኪና ተፈልጎ ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ሦስት ሳምንት ተኝተው በእግዚአብሔር ቸርነት ተመለሱ።

«ማን ነው ይተዉ ያላቸው?» አለችኝ።

«እኔ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። እጇን ሁለት ጊዜ ታጠበች። «ልብ ጩኸት የምትሰማበት ጆሮ አላት፤ ኪኒኑ ያንን ጆሮ ይደፍነዋል። ለወራት ስትደፍንባት እሷ ሌላ ጆሮ ታበቅላለች። ድንገት ስትከፍተው ሹክሹክታው ሁሉ ነጎድጓድ ይሆንባታል። ይኼ መድኃኒት ከተተወም እንደ ደረጃ ነው የሚወረድ፤ አይዘለልም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። አላለቀም። አገሩ በሙሉ «ቄስ ዘነበን ጸበሉ ጣላቸው» አለ። ጸበል የሚጥለው ደግሞ የተሸሸገ ነገር ያለበትን ነው ተባለ። ያ የተሸሸገው ነገር ምን እንደሆነ እያንዳንዱ ጠላ ቤት የየራሱ መልስ ነበረው። የደብሩ ኃላፊ ቄሰ ገበዙም «እንግዲህ ታቦት መሸከማቸው ይቅር ይሆን?» ማለት ጀመሩ። አባ ያውቃሉ፤ ይተዉት ያልኳቸው እኔ እንደሆንኩ ከእኔ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሲጠየቁ ግን «ፈቃዱ ነው» ብቻ ይላሉ። አንድም ቀን ስሜን አልጠሩም።

ሲስተር «ልባቸውን እኔ አስታምማለሁ። ስማቸውን የምታክም አንተ ነህ፤ ለስም የሚሆን ኪኒን የለኝም» አለችኝ።

እናገራለሁ ስል ዛሬ፣ ነገ። መስከረም ላይ የሠራተኛ ግምገማ መጣ። ያን ዘመን የሠራ ያስታውሰዋል፤ ሰው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያወርዳል። ይኸው ቦታው ብዬ ተነሣሁ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ጧት ጧት አረፍዳለሁ» አልኩ። በሕይወቴ አርፍጄ አላውቅም! «የአመለካከት ችግር» ብሎ ጻፈው። ሲስተር ከወዲያ ሆና መሬት መሬት አየች።

ቄሰ ገበዙ በኋላ አንድ ነገር ቆረጡ። «ለጥምቀት ዘንድሮም ይሸከሙ፤ ታቦቱ ራሱ ይፍረድ። ዳገቱን ሳይቆም ካወጣቸው ንጹሕ ናቸው። እምቢ ካለ ሌላ ሰው ይቀበላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መንበሩ አይቀርቡም» አሉ። በእኛ አገር ታቦት በተሸካሚው ራስ ላይ ሆኖ አልሄድም ካለ፣ ከሕዝቡ መካከል የበደለ አለ ማለት ነው።

ሲስተር ይህን ስትሰማ ወንበር ፈለገች። እሷ አባን የምታዛቸው ደረትዎ ሲጠብቅ ይቁሙ ብላ ነው። ከቆሙ ስማቸው ይሞታል፤ ካልቆሙ ራሳቸው ይሞታሉ። «ይቅርብዎ አባ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ከቀረሁማ በራሴ ላይ ፈርጄ ጨረስኩት» አሉ።

ስለዚህ ልምምድ ተጀመረ። ከጥቅምት እስከ ጥር አባ ዳገቷን በየቀኑ ወጡ፤ በኋላ በኋላ ጭንቅላታቸው ላይ ግማሽ ስልቻ ገብስ አድርገው። እትዬ አሰለፈች ደጃፍ ቆመው ለጎረቤት ይናገራሉ፤ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህል ወፍጮ አድርሱልኝ ስላቸው ‹ክህነቴ› ሲሉኝ የኖሩ፣ ዛሬ ደርሶ ስልቻ አማራቸው!» ሰዓት ስለሌላቸው ሲስተር ዕረፍታቸውን በጸሎት ለካችላቸው፤ ደረት ሲጠብቅ ስድስት አቡነ ዘበሰማያት። መጀመሪያ ላይ ጸሎቷን እያጣደፉ ሲያጭበረብሩ ያዘቻቸው። «አባ፣ ሰማይ የሚሰማዎት በዚህ ፍጥነት ነው?» አለቻቸውና ቀስ ማለት ለመዱ።

ጥቅምት ላይ ዘጠኝ ጊዜ ይቆሙ ነበር። ኅዳር ላይ አምስት። ታኅሣሥ ሲያልቅ ሁለት ጊዜ ብቻ፤ አንደኛ ከኮሶው ዛፍ ሥር፣ ሁለተኛ ከጠፍጣፋው ድንጋይ። ከድንጋዩ ወዲያ እስከ ደብሩ በር ሜዳ ነው፤ እዚያ አንድም ቀን አልቆሙም። ሲስተር ዓይኗን ጨፍና ትርታቸውን ቆጠረችና «መንገድ እያበጀች ነው» አለች። ግን ሁለቱ ወደ ዜሮ አልወርድ አለ። ጥምቀት ደግሞ ደረሰ።

በበዓሉ ዕለት ከወንዙ ዳር ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ተረጭቶ፣ አባ ጧት የሚዋጠውን ውጠዋል። ትንሿንም ኪኒን፣ ለዳገቱ ብላ ሲስተር ለዛሬ ፈቅዳላቸው፣ ከምላሳቸው ሥር አድርገው ታቦቱን ተቀበሉ። እልልታው ሸለቆውን ሞላው። እኔ ከጎን ከጎን እየሄድኩ ነው፤ ሲስተር ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ዓይኗ ከአባ እግር አይነቀልም።

ኮሶው ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

እልልታው ተቆረጠ። ከበሮው ቆመ። አንዲት ሴት «ብዬ ነበር! ጸበል የጣለውን ታቦት ይታገሠዋል?» አለች። ቄሰ ገበዙ እጃቸውን እየዘረጉ ጠጋ ማለት ሲጀምሩ አንድ ጎምቱ ገበሬ፣ አያ ደምሴ፣ ከሰው መካከል ወጥቶ ተንበረከከ።

«በእኔ ነው! የድንበሩን ድንጋይ ሰኞ ወደ ወንድሜ ማሳ የገፋሁት እኔ ነኝ!»

ከወዲያ ማዶ ወንድሙ አፉን ከፈተ። «ሰኞ? እኔ እኮ እሑድ ወዳንተ ገፍቼው ነበር!»

ድንጋዩ ለካ ከቦታው ሄዶ ወደ ቦታው ተመልሷል። አራት ዓመት በፍርድ ቤት የተካሰሱ ወንድማማቾች እዚያው ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔ በሆዴ አቡነ ዘበሰማያት እየቆጠርኩ ነው፤ ስድስተኛው ሲያልቅ አባ ተራመዱ። እልልታው ቀለጠ።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ደግሞ ቆሙ። አሁን ሕዝቡ ወደ አባ አላየም፤ እርስ በርሱ ተያየ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ላብ አጠመቀው። «የምንጩን ውሃ ወደ አማቴ ጎመን የመራሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ይኼንንማ ሁላችንም እናውቃለን!» አለች አንዲት ሴት። «ለዚህ ብሎ ታቦት ይቆማል?»

ሦስት ዓመት ግምገማ ያላወጣው ጎመን በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣ። ስድስት ጸሎት። አባ ተራመዱ። እኔም ትንፋሼን ለቀቅሁ፤ ከዚህ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ተርፈናል አልኩ።

ሜዳው መሐል ቆሙ።

ሲስተርን አየኋት፤ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። በሜዳ ላይ ቆመው አያውቁም! ልባቸው አበቃላት አልኩ። የሚናዘዝ ጠፋ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ አባ ተመለሰ። ቄሰ ገበዙ ፊታቸው ገርጥቶ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «አባ ዘነበ፣ ይበቃል። ለእኔ ይስጡኝ» አሉ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን መሐል ሜዳ ላይ አገኘሁት።

«በእኔ ነው!» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ጸበሉ አልጣላቸውም! የልብ ኪኒናቸውን ለፍልሰታ ይተዉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ድንገት የማይተው መድኃኒት ነው፤ ሳላውቅ አስተውኳቸው፤ ሳውቅ ደግሞ ደበቅሁ። እሳቸው አንድም የተሸሸገ ነገር የለባቸውም። የሸሸግሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የተሰማው የእትዬ አሰለፈች ድምፅ ነው።

«አንተ ደስታ! አምስት ወር ሙሉ ‹ምን ሠርተው ነው? ይንገሩኝ› እያልኩ ሰውየውን ቁም ስቅል ያሳየኋቸው ባንተ ነው?»

ሰው ሳቀ። ቄሰ ገበዙ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡና ወደ አባ እግር ዝቅ ብለው መሬት ሳሙ። ያኔ አባ ተራመዱ። ከቆሙ ሁለት አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አልሞላም ነበር። በደብሩ በር ሲገቡ ያለው እልልታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሲስተር ብብቷ ውስጥ ያሞቀችውን እጇን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ አለፈች።

ከሳምንት በኋላ አባ መድኃኒት ሊወስዱ መስኮቴ ዘንድ መጡ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ፈቱኝ። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

«አባ፣ ኮሶው ሥርና ድንጋዩ ላይ ደረትዎ ጠብቆ ነው። እሱን አውቃለሁ። ሜዳው ላይ ግን ምን ሆነው ነው?»

«ሜዳው ላይማ ደረቴ ምንም አላለኝ።»

«ታዲያ ለምን ቆሙ?»

ኪኒኑን አንድ አንድ እያዩ በኪሳቸው ከተቱና ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ መች ቆምኩ፣ ደስታ?» አሉኝ።